ሦስተኛው ሰው ከኋላ ወንበር

መኪና ማስተማር አቁሜ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ባለቤቴ ዘሃራ ጥያቄ አብዝታብኛለች። ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ "ዛሬ ምን ልትሠራ ነው?" ትለኛለች። ምንም። "ነገስ?" ነገም ምንም። በመጨረሻ "እንግዲያው ስታወራልኝ የኖርከውን ሁሉ ጻፈው። እኔን ሰልችቶኛል፣ ወረቀት ግን አይሰለቸውም" አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስሜ ሰዒድ ነው፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሐርጌሳ ውስጥ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም። "ማዓሊን" ነው የሚሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው። ወደዚህ የመጣሁት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነበር። ሽንኩርትና ድንች ጭነን በጅግጅጋ በኩል ወጃሌን አልፈን ገባን። ሐርጌሳ ስንደርስ የመኪናው ካምቢዮ ተሰበረ። ሾፌሩ "አንተ ዕቃውን ጠብቅ፣ እኔ መለዋወጫ ይዤ እመጣለሁ" ብሎኝ ሄደ። እስካሁን አልመጣም። ድንቹ በቀለ፣ ሽንኩርቱ ሸተተ። ኋላ ባለንብረቱ ሰው ልኮ መኪናውን አስጎተተ፤ እኔን ግን የሚጎትተኝ አልተገኘም።

አዴር ጃማን ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው። አዴር አጎት ማለት ነው፣ እዚህ አገር ትልቅ ሰው እንዲያ ይባላል። ቀጭን፣ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ዕድሜያቸውን ከበርበራ ወደብ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንዲት አሮጌ ኮሮላ ይዘው የመንጃ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። መኪናው ገና ሳይጎተት ሥሩ ተኝቼ አዩኝና ጎንበስ ብለው፦

"ትነዳለህ?" አሉኝ።

"እነዳለሁ።"

"ማስተማርስ ትችላለህ?"

"አልሞከርኩትም።"

"ይሻላል። እችላለሁ የሚለውን ሰው ማቃናት ያደክመኛል" ብለው ይዘውኝ ሄዱ። የመኖሪያ ፈቃዴን ወረቀት እሳቸው ጨረሱልኝ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፣ ግን በሰዓቱ ይመጣል።

አዴር ጃማ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ መሪ አያስይዙም። መኪናዋን በእጁ ያስገፉታል። ነጋዴ ይሁን ባለሥልጣን ግድ የላቸውም፣ ሜዳው ላይ እያላበው ይገፋል። ይህን የሚያክል ብረት ለማንቀሳቀስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ ለማቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር በትከሻው ሲያውቀው ፍሬን ያከብራል ይላሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው እጃቸው ላይ መቀመጥ ነበር። ከተማሪው ጎን ሲሆኑ ሁለት መዳፋቸውን ጭናቸው ሥር ይከታሉ። "እጄ ነጻ ከሆነ መሪውን ይነጥቃል፣ መሪ የተነጠቀ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ነጣቂ ይጠብቃል" ይሉኝ ነበር። ጮኸውም አያውቁም። አደጋ ሲመጣ "ቢስሚላህ" ይላሉ። አደጋው ትንሽ ከሆነ በሹክሹክታ፣ ከበድ ካለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ተማሪዎቹ በድምፁ ልክ መፍራትን ለመዱ። አንድ ቀን እግረኛ መንገድ ላይ ሰው ሲደናቀፍ አይተው ጮክ ብለው ቢስሚላህ ቢሉለት ተማሪያችን መኪናዋን መንገድ መካከል ቀጥ አደረጋት።

የሐርጌሳ መንዳት አንድ ችግር አለው። መንገዱ የሚነዳው በቀኝ ነው፣ የመኪናው መሪም ያለው በቀኝ ነው። መኪኖቹ የተሠሩት በግራ ለሚነዳበት አገር ስለሆነ ነጂው ከመንገዱ ጠርዝ በኩል ይቀመጣል። ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ሲፈልግ የሚመጣውን የሚያየው እሱ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪው "ልለፍ?" ይላል፣ መምህሩ አይቶ "እለፍ" ወይም "ቆይ" ይላል። እኔ ለዓመታት የሰው ዓይን ሆኜ ነው የኖርኩት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሴቶች መማር ሲጀምሩ ማንም ጉዳዬ አላለውም ነበር። ከውጭ አገር የተመለሱ፣ ቢሮ የሚሠሩ፣ ሻሻቸውን ጣል አድርገው ሽቶአቸው ከነሱ ቀድሞ የሚገባ ሴቶች ነበሩ። እጅ እንጨባበጣለን፣ የፍቅር ዘፈን ከፍተን ሜዳውን እንዞራለን።

ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ተለወጠ። ለውጡ የመጣው ከሽማግሌዎቹ ሳይሆን ከወጣቶቹ መሆኑ ነው የገረመኝ። ልጆቹ መስጊድ ውስጥ የዳዕዋ ትምህርት ይከታተላሉ፣ ስልካቸው ላይ የሼኮች ንግግር ያዳምጣሉ፣ ቤት ገብተው ወላጆቻቸውን ያርማሉ። እናትየዋ በስስ ባለ ቀለም ቀሚስ፣ ልጅቷ በጥቁር ጅልባብ ሆነው ይመጣሉ። አንዲት እናት "ማዓሊን፣ እኔ ወልጃት እሷ እናት ሆነችብኝ" አለችኝ። ዘፈኑ ቀረ፣ በምትኩ ቁርኣን ተከፈተ። መጨባበጡም ቀረ። እጄን ዘርግቼ ተማሪዋ ሳትጨብጠኝ አየር ላይ የቀረሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። እንዳላፍር ብዬ በዚያው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወናጨፍኩት።

የአዴር ጃማ ልጅ አብዲራሕማንም ከተለወጡት አንዱ ነበር። ቀድሞ ከቀትር ጀምሮ ጫት ሲቅም ይውላል። ጓደኞቹ ወደ ዳዕዋው ወሰዱት። ጫቱን ጣለ፣ ጺሙን አሳደገ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳጠረ፣ በጊዜ መነሳት ጀመረ። ሰዎች አዴር ጃማን "ልጅህ አከረረ" ሲሏቸው "ጫቱን ካስተዉልኝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ቢቆርጡት አልቀየምም" ይሉ ነበር። አባትየው ሲታመሙ ቢሮውን ለሱ አስረከቡ።

አብዲራሕማን በመጀመሪያው ሳምንት ጠራኝና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፦

"ማዓሊን፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው። ወንድና ሴት ብቻቸውን መኪና ውስጥ መሆን የለባቸውም። ከእንግዲህ ሴት ተማሪ መሕረም ይዛ ትምጣ፤ አባቷን፣ ወንድሟን፣ ባሏን። ከኋላ ይቀመጥ" አለኝ።

"እሺ" አልኩ። ማታ ለዘሃራ ነገርኳት። ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

የኋላ ወንበር እንደዚያ ተጀመረ። ስንቱን አሳፈርኩ! ቀበቶውን ሳያስር እንቅልፍ የሚወስደው አባት ነበር፣ ልጅቱ ፍሬን በያዘች ቁጥር ግንባሩ የኔን ወንበር እየነካ ይመለሳል። ሚስቱ ማርሽ በቀየረች ቁጥር "ማሻአላህ" የሚል አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ሳትቀይርም ይላል። አንዱ ወንድም ደግሞ ሥራው መኪናው ውስጥ ድረስ ስለሚከተለው፣ በስልክ ሲሚንቶ እየሸጠ ነበር የሚሄደው። እኔ "ወደ ቀኝ" ስል እሱ "አይ፣ በዚህ ዋጋ አይሆንም" ይላል፤ ልጅቷ ግራ ገብቷት ትቆማለች።

ከነዚህ ሁሉ ያልሳቅኩት ሆዳን በምትባል ተማሪ ነገር ነው።

ሆዳን ነርስነት ትማር ነበር። ፈጣን፣ እጇ መሪ ላይ ለስላሳ፣ ስትሳሳት ራሷ የምትስቅ ልጅ ናት። ወንድሟ ሙስጠፌ ከኋላ ይቀመጣል። መጥፎ ሰው አይደለም፣ እህቱን ይወዳታል፤ ዝም ማለት ግን አይችልበትም። እኔ "ቀስ" ስል እሱ "ቶሎ" ይላል። ብዙ ጊዜ ለመንኩት። "ማዓሊን፣ ኃላፊው እኮ እኔ ነኝ" ይለኛል።

አንድ ቀን ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ከፊታችን ውኃ የጫነ የአህያ ጋሪ ነበር። ሆዳን "ልለፍ?" አለች። ከመታጠፊያው በኩል የሚኒባስ ጡሩምባ ሰምቻለሁ፣ "ቆዪ!" አልኳት። ሙስጠፌ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ "እለፊ፣ ባዶ ነው!" አለ። የወንድሟን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትታዘዝ የኖረች ናት። ወጣች። ሚኒባሱ ብቅ አለ። በኔ በኩል የተገጠመችውን ፍሬን ረገጥኩ፣ እሷ መሪውን ወደ ጠርዙ ጠመዘዘች፣ መኪናዋ የሻይ ሻጯ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ቆመች። ሻይ ሻጯ ዘልላ ተረፈች። ፔርሙሶቿ አልተረፉም። የሆዳን የእጅ አንጓ ተሰበረ።

ሙስጠፌ እህቱን አቅፎ ሆስፒታል ድረስ እያለቀሰ ሄደ። በማግስቱ ግን መስጊድ በር ላይ "ሴትና መሪ አይሆኑም፣ በዓይኔ አየሁ" እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ከአዴር ጃማ ጋር እነሆዳን ቤት ሄድን፣ እሳቸው በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። አባቷ በክብር ተቀበሉን። ሆዳን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፦

"ማዓሊን፣ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ መስማት አልቻልኩም" አለችኝ።

ተመልሳ አልመጣችም። አንዳንዴ ሚኒባስ ውስጥ አያታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አዴር ጃማም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ አላህ ይማራቸው። አብዲራሕማን ደግሞ ሴቶችን ማስተማሩን ጨርሶ ሊተወው አሰበ።

ሱመያ የመጣችው እንዲህ ሊተወው ባለበት ሰሞን ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ኒቃብ፣ ጥቁር ጓንት፣ ጥቁር ካልሲ። ከዓይኗ በቀር የሚታይ ነገር የላትም። አብዲራሕማን ሲያያት ፊቱ በራ። ሴቶችን ማስተማራችንን ልትነቅፍና ሐሳቡን ልትደግፍለት የመጣች መሰለው። እሱ እሷን ላለማየት ወለሉን ያያል፣ እሷም እሱን ላለማየት ወለሉን ታያለች። ሁለቱም ከአንድ የወለል ሸክላ ጋር ያወሩ ነበር።

"መንዳት ልማር ነው የመጣሁት" አለች ለሸክላው።

"እህቴ" አለ አብዲራሕማን፣ "ለሴት ልጅ እኮ ቤቷ..."

"ኮሌጅ ሸሪዓ እማራለሁ። ከ26 ጁን ሰፈር በሚኒባስ ነው የምመላለሰው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ይጭናሉ። ከማላውቀው ወንድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ መሄድ ይሻላል ወይስ በራሴ መኪና ለብቻዬ?"

"ታክሲ አለ..."

"የታክሲው ሾፌር ወንድ ነው። ከሱ ጋር ብቻዬን ልሁን?"

አብዲራሕማን ጺሙን ዳበሰ።

"በነቢዩ ዘመን፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁን፣ ሴቶች ግመል ይጋልቡ ነበር" አለች።

"ግመል መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም" አልኩ እኔ፣ ነገሩን ላላላ ብዬ። ማንም አልሳቀም።

ወንድሟ ከውጭ አገር የላከላት ትንሽ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ዶሮ እንቁላል ጥላባታለች። አባቷ በሕይወት የለም። እናም ከኋላ ወንበር ሦስተኛ ሰው እንድትሆን አያቷን አዬዮ ደሃቦን ይዛ መጣች። አብዲራሕማን "አያት መሕረም አትሆንም" ብሎ ሊከራከር ነበር፤ አዬዮ ደሃቦ ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "እኔ ግመል ጭኜ ከሐውድ በርበራ ስወርድ ያንተ አያት አልተወለደም። ያኔ መሕረሜ ማን ነበር? ግመሉ?" አሉት። በዚሁ አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን ሱመያን መኪናዋን ግፊ አልኳት። ያለ ቃል ጅልባቧን ሰብስባ ጀመረች። አዬዮን እንዲወርዱ ብለምናቸው "እኔም ጭነት ነኝ፣ ትግፋኝ" ብለው እንደተቀመጡ ሜዳውን ተሻገሩ።

እውነቱን ልናገርና እኔ ፈርቻት ነበር። ያደግኩት መንዙማ እየሰማሁ፣ መውሊድ ሲከበር እየሮጥኩ ነው፤ በልጅነቴ ኒቃብ አላየሁም። በሥራዬም ቢሆን ተማሪ መደንገጡን የማውቀው በፊቱ ነው። ከንፈሩን ይነክሳል፣ ግንባሩ ይላባል። የሷ ፊት የለም! ስለዚህ ሌላ ነገር ማየት ተማርኩ። ስትደነግጥ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ስትረጋጋ የምታነበንበው ቁርኣን ይረዝማል። ጓንቷ መሪው ላይ ሲያንሸራትታት የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን፣ መዳፉ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለውን ጓንት ከሐበሻ ወዳጆቼ ገዝቼ ሰጠኋት። በጎን የሚመጣውን ኒቃቡ ስለሚከልልባት ደግሞ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ታዞራለች። ወንዶቹን "አንገታችሁን አዙሩ!" እያልኩ ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እሷ ግን ሳልነግራት አደረገችው። ድክመቷ ወደ ኋላ መንዳት ነበር። ወደ ኋላ ስትነዳ ሰፈሩ ሁሉ ፍየሉን ይሰበስባል።

አዬዮ ከኋላ ዝም አይሉም፣ መኪናዋን ግን አያዝዙም። ሱመያ ድንገት ፍሬን ከያዘች ግመል እንደሚያረጋጉ በምላሳቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። በአንድ የሼክ መቃብር አጠገብ ባለፍን ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ይቀራሉ።

"አዬዮ፣ ይኼ ቢድዓ ነው፣ በሃይማኖቱ የሌለ ነገር ነው" ትላለች ሱመያ።

"አንቺ መንገዱን እዪ!" ይላሉ አዬዮ።

"እያየሁ ነው። መቃብር መለመን..."

"አህያ! አህያ!"

እውነትም ከፊታችን አህያ ቆሟል። ሱመያ በደንብ አቆመች። እኔ ከሁለቱ መካከል ሆኜ፣ በልቤ ከአዬዮ ጋር ፋቲሓ እየቀራሁ፣ በአፌ "ጎበዝ፣ ሁለተኛ ማርሽ" እላለሁ።

ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። ፊቷን ከፎቶው ጋር የምታመሳክር ሴት ፖሊስ ከሌላ ጣቢያ ተጠርታ መጣች፤ ከመፈተኑ ይልቅ እሷን ፈልጎ ማግኘቱ ነው ያደከመን። ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ትከሻዋን አየሁት። ወርዷል።

ከዚያ ወደኛ ቢሮ ተመልሳ ከሸክላው ጋር ሌላ ንግግር ጀመረች።

"ሴት ከወንድ መምህር ጋር መሆኗ ካስቸገረ ሴትን ሴት ታስተምር። መሕረም ከኋላ መቀመጥም አያስፈልግም።"

"እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም" አለ አብዲራሕማን።

"እንግዲያው የመስጊዳችሁን ሼክ ልጠይቅ።"

በመስጊዱ የሴቶች ትምህርት በኩል፣ በሼኩ ባለቤት አድርጋ ጠየቀች። ባለቤትየዋ ራሷ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ነጂ አጥታ ስትቸገር የኖረች ሴት ነበረች። መልሱ በማግስቱ መጣ። ሼኩ "ይኼማ ከሁሉ የተሻለ ነው" ብለዋል። አብዲራሕማን ሐቀኛ ልጅ ነው፣ ራሱ ያወጣውን ሕግ መሸሽ አልቻለም። ሱመያን ቀጠራት። ጥቂት ወራት አጠገቧ ሆኜ ማስተማር አስተማርኳት። እጇ ላይ እንድትቀመጥ ስነግራት "ጓንቱ ይጨማደዳል" ብላ ተከራከረችኝ፣ በኋላ ግን ተቀመጠች።

ወሬው በከተማው ሲዳረስ ሴቶቹ ጎረፉ። ተማሪዎች፣ እናቶች፣ መበለቶች፣ ባሎቻቸው ቀድሞ እምቢ ያሏቸው ሁሉ መጡ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ግን ቀነሰ። ወንዶቹ ከአጎት ልጅ በነጻ ይማራሉ፣ ሴቶቹ ሱመያን ይሉኛል። የኔም ጉልበት ክላች እየረገጠ ደክሟል። ማንም ሳያባርረኝ ቁልፉን ለሷ ሰጠሁና ወጣሁ።

የዚያን ቀን ለዘሃራ "እዪ፣ በሃይማኖት ምክንያት ከሥራ ወጣሁ" ብዬ አማረርኩ።

"እኔማ ሕጉን ከመጀመሪያውም ደግፌ ነበር" አለችኝ።

"የቱን ሕግ?"

"የመሕረሙን። ያን ሁሉ ዓመት ሽቶ ከተቀባች ሴት ጋር ዘፈን ከፍተህ ሜዳ ስትዞር እኔ ምን የምል መስሎህ ነው?"

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አላነሳችውም ነበር።

ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። አብዲራሕማን ነው። ግራ ቀኝ አይቶ ገባ። ዘሃራ ሻይ አቀረበችለትና ወደ ጓዳ ገባች፤ ጆሮዋ ግን እኛው ዘንድ ቀርቷል።

"ማዓሊን፣ ባለቤቴ ከሱመያ ተምራ መንጃ ፈቃድ አወጣች" አለኝ።

"ማሻአላህ።"

"ልጆቹን ታደርሳለች፣ ገበያ ትሄዳለች። ትናንት ዘነበና እኔን መስጊድ አደረሰችኝ። ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው አዩን። 'አንተስ መኪናዋን ለምን አትነዳትም?' አሉኝ።"

"እና ለምን አትነዳትም?"

ሻዩን አየው። ፊቱ እንደ አባቱ ጺም ቀላ።

"አልችልም።"

"ምኑን?"

"መንዳት። አልችልም ማዓሊን። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሊያስተምሩኝ ሞክረው መኪናዋን አጥር ላይ ሰቀልኳት። ከዚያ በኋላ አልነካሁም።"

ይኼ ሰው የመንጃ ትምህርት ቤት ባለቤት ነው! ሁልጊዜ ቢሮ የሚመጣው በእግሩ ነበር። መስጊድ ሲሄድም ለእያንዳንዷ እርምጃ ምንዳ አለው ይል ነበርና እኛ በትጋቱ እንቀና ነበር። ከጓዳ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ዘሃራ ሳቋን ለመሸፈን ማንኪያ ጣለች።

"ማንም እንዳያውቅ ያስተምሩኝ። በአባቴ ይሁንብዎት" አለኝ።

እንዴት እምቢ ልበለው? አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ፍየል ብቻ በሚያየን ሜዳ ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ እንዲገፋ አደረግኩት፣ ሱሪው አጭር ስለሆነ አልቆሸሸበትም። ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ፣ ክላቹን ለቀቀ፣ መኪናዋ እንደ በቅሎ ዘለለችና ጠፋች። እንደገና አስነሳ። ጠፋች። ደግሞ አስነሳ፣ ደግሞ ጠፋች። ጺሙ ላይ ላብ ይንጠባጠባል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ይህን የሚያህል ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

"አይዞህ" አልኩት፣ "ሱመያም መጀመሪያ ልክ እንዲህ ነበረች።"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሱመያ አንድም ቀን እንዲህ ሆና አታውቅም።